ውሃ ላይ የማታድር ታንኳ

ቡዜ ደገፋ ከልጅነቷ ጀምሮ አንገት መድፋት አልሆነላትም። እናቷ በሕይወት ሳሉ «ሰው ፊት ስትወጪ ቀና ቀና አትበዪ» እያሉ ይቆጧት ነበር፤ ምክሩ ግን በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ለመኩራት ደግሞ ምክንያት ነበራት። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ከአባቷ ከደገፋ የሚስተካከል ታንኳ ሠሪ አልነበረም። ደገፋ ወንድ ልጅ አልወለዱም፤ እጃቸውንም ከጊዜ በኋላ ቁርጥማት ያዘባቸውና ሙያቸውን ለእሷ አስረከቡ። ታንኳ የሚሠራበትን የውሃ ዳር ደንገል መርጣ የምታጭደው፣ ፀሐይ ላይ የምታደርቀው፣ ነዶውን ከነዶ አጋጥማ በልጥ የምትጠፍረው እሷ ናት። እሷ የጠፈረችው አይላላም። ይህን የምትናገረው ራሷ ነበረች፤ እውነት ስለሆነ ግን የሚከራከራት አልተገኘም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት ክረምት አዋሽ ከወትሮው ቀድሞ ሞላ። የአዳማው የእህል ነጋዴ ሐጂ አብዱናሲር ከአርሲ የገዙት ስንዴ ከወንዙ ማዶ ተከምሮ ቀረ፤ ባቡሩ ደግሞ ወዲህ ማዶ ካለው ጣቢያ ማንንም ሳይጠብቅ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሐጂ ሰው ልከው ደገፋን ከነልጃቸው አስጠሩና ሁለት ታንኳ እንዲሠሩላቸው ተስማሙ። አባትና ልጅ ሦስት ቀን ተጉዘው መጥተው አዋሽ ዳር ጎጆ ቀለሱ።

ሥራውን እንዲቆጣጠር የተላከው የሐጂ ጸሐፊ አብተው ነበር። ወላጆቹ ከሰሜን ሸዋ መጥተው አዳማ የሰፈሩ ናቸው። እሱ ግን በአሥራ ስድስት ዓመቱ ባቡሩን ተከትሎ ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ኤደን ወደብ ላይ አራት ዓመት ሠራ፤ እንግሊዝኛ ለምዶ ተመለሰ። በአዳማ ባርኔጣ አድርጎ ጃንጥላ የሚይዝ ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ከሩቅ ይታወቃል። በዚያ ላይ ጎርበጥ የማይል፣ ረጋ ያለ አነጋገር ነበረው፤ እናቶች ልጆቻቸውን ሲገሥጹ «እንደ አብተው ሁኑ» ይላሉ። እሱም ይህን ይሰማል፤ አልጠላውም።

ወንዙ ዳር በደረሰ ጊዜ ከበቅሎው ሳይወርድ ታንኳ ሠሪው የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። ደገፋ ጥላ ሥር እንደተቀመጡ በአገጫቸው ወደ ልጃቸው አመለከቱ። ቡዜ በአንድ እግሯ ነዶውን ረግጣ፣ የልጡን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ እየሳበች ነበር። ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ከዚያ ዓይኑን ወዲያው ማንሳት ሲገባው ትንሽ ቆየ፤ ይህንኑ ለመሸፈን ይመስላል ከበቅሎው ወርዶ ስለ መርከብ ማውራት ጀመረ። ኤደን ላይ ያያቸው መርከቦች ከዚህ እስከዚያ ኮረብታ እንደሚረዝሙ፣ ሆዳቸው ውስጥ አንድ መንደር እንደሚኖር፣ ከብረት ተሠርተው ሳለ እንደሚንሳፈፉ አወራ።

ቡዜ ሥራዋን ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ማታ ማታ ስንት ሰው ሆነው ነው ወደ የብስ የሚያወጧት?»

አብተው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን ሳቀ። መርከብ ወደ የብስ አትወጣም ብሎ እንደ ሕፃን አስረዳት። ቡዜ ጆሮዋ ጋለ፤ ቀጣዩን ቋጠሮ ከሚገባው በላይ አጥብቃ ሳበችው። ለምን እንደዚያ እንደጠየቀች ቢጠይቃት ኖሮ ይህ ታሪክ አጭር በሆነ ነበር። ግን ያወቀ የመሰለው ሰው ሌላውን መጠየቅ ይከብደዋል፤ አብተውም ያኔ ከእንደዚያ ዓይነቱ ሰው የተለየ አልነበረም።

ከዚያን ቀን ወዲህ በየቀኑ ይመጣ ጀመር። ሥራው በየቀኑ መምጣትን አይጠይቅም፤ ይህን ደገፋም፣ ሐጂም፣ በቅሎውም ያውቁ ነበር። ቡዜ መጀመሪያ አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን ሳትጠይቀው ልጥ አቀበላት፤ በአምስተኛው ቀን ባርኔጣውን አውልቆ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። በስምንተኛው ቀን ሳይመጣ ቀረና ቡዜ ቀኑን ሙሉ ነጭናጫ ሆና ዋለች። ማታ አባቷ ምን ሆንሽ ሲሏት ደንገሉ እርጥብ ነው አለች። ደንገሉ ግን ፈጽሞ ደርቆ ነበር።

አብተው ሁልጊዜ የማይለየው አንድ ደብተር ነበረው። ወደብ ላይ የሰማቸውን የእንግሊዝ ቃላት ከነትርጉማቸው ጽፎበታል። አንድ ቀን አንድ ገጽ ሙሉ የያዘውን ቃል አነበበላት። ቃሉ «ሙር» ነው። መርከብ ከወደብ ስትደርስ በገመድ ወይም በሰንሰለት አስረው ውሃው ላይ ያቆሟታል፤ ያን ማድረግ ሙር ይባላል። ታስራ የቆመችውን መርከብ ሙርድ ይሏታል። የምትታሰርበትም ቦታ ከዚሁ ቃል የወጣ ስም አለው። ደግሞም እንግሊዞች ዛፍ የማይበቅልበትን፣ ነፋስ የሚነፍስበትን ደጋ ሜዳ በዚሁ ድምፅ ይጠሩታል፤ እሱ ግን ሌላ ቃል ነው፣ ከመርከብ ጋር አይገናኝም።

«ታዲያ የቱን እንደሆነ በምን ይለያሉ?» አለች ቡዜ።

«የሚናገረው ሰው ከቆመበት ቦታ። ወደብ ላይ የቆመ ሰው ስለ ሜዳ አያወራም።»

ይህ ደስ አላት። አንድን ቃል እንደዚያ ከላይ ከታች ገልብጦ የሚያይ ሰው አይታ አታውቅም፤ እሷ ደንገልን የምታየው እንደዚያ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ኩራት መጀመሪያ ያላሉት እነዚያ የደብተር ገጾች ነበሩ ማለት ይቻላል። አብተው ገጹን ሳያጥፍ መርከበኞቹ ቃሉን ለሰውም እንደሚሉት ነገራት፤ አንድ ቦታ ረግቶ ለተቀመጠ ሰው።

«እኔ ጅቡቲም ኖሬያለሁ፣ ኤደንም፣ ድሬዳዋም» አለ። «አንዱም ጋ እንደዚያ አልሆንኩም። ሰሞኑን ግን…»

አልጨረሰውም። ቡዜም እንዲጨርሰው አልጠየቀችውም። ወንዙ ድምፅ እያሰማ ያልፋል፤ ሁለቱም ወንዙን ያዩ ነበር። እንደወደደችው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው፤ ለራሷም አልካደችም።

በሳምንቱ አብተው ሦስት ሽማግሌ ላከ። ደገፋ ሽማግሌዎቹን አክብረው ተቀበሉ፣ አስቀመጧቸው፣ ጠላ አስቀዱላቸው። መልሳቸው ግን አጭር ነበር። እኛ የውሃ ሰዎች ነን፤ ልጄን ታንኳ ለማያውቅ ሰው መስጠት አይሆንልኝም፤ ሁለተኛዋ ታንኳ እስክታልቅ ልየውና መልስ እሰጣለሁ አሉ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲነግሩት አብተው ፈገግ አለ። መርከብ ላየ ሰው ታንኳ ምኑ ያስቸግራል ሲል አሰበ።

የመጀመሪያዋ ታንኳ አልቃ ስንዴ ማመላለስ ጀመረች። ለሁለተኛዋ ግን በአካባቢው ያለው ደንገል አልበቃ አለ፤ አባትና ልጅ ወደ ቆቃ ረግረግ ወጥተው ሊያጭዱ ተነሡ። አራት ቀን ይቆያሉ። ደገፋ ታንኳዋን ለአብተው አደራ ሰጡት። እንዴት እንደሚይዛት አልነገሩትም፤ በር ዝጋ፣ እሳት ዳፍን ተብሎ ለአዋቂ ሰው አይነገርም። ሐይቁ ላይ የአምስት ዓመት ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ታንኳ ሥራዋን ስትጨርስ ከውሃ ወጥታ፣ ቀጥ ብላ ቆማ መድረቅ አለባት።

ቡዜ ግን እንደማያውቅ ጠርጥራለች። ስትሰናበተው ቃሉ አፏ ላይ መጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሳቁ ትዝ አላትና ዋጠችው። እሱ ላለመጠየቅ ኮራ፤ እሷ ላለመናገር ኮራች፤ በዚህ ተለያዩ።

አመሻሽ ላይ የተሸካሚዎቹ አለቃ ጉተማ ሰዎቹን ሰብስቦ ታንኳዋን ወደ ዳር ሊያወጣት ጎንበስ አለ። ጉተማ የአርሲ ሰው ነው፤ ደገፋ በየምሽቱ የሚያደርጉትን አይቷል። አብተው ከለከለው። ይህን የመሰለ ታንኳ እንደ ግንድ መሬት ለመሬት አይጎተትም ብሎ ረዥም ገመድ አስመጣ፣ ኤደን ላይ በተማረው ቋጠሮ ከሾላው ዛፍ ጋር አሰራት። እውነት ለመናገር ቋጠሮው ያማረ ነበር። ታንኳዋ ውሃው ላይ ወዝወዝ ስትል አብተው እጁን አጣምሮ ቆሞ አያት፤ አዳማ ወደብ ያገኘች መሰለው።

አራት ቀንና አራት ሌሊት ከውሃ ሳትወጣ፣ ቀን ስንዴ ስታመላልስ፣ ማታ እዚያው ታስራ ቆየች።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቡዜና አባቷ ደንገል በአህያ ጭነው ሲመለሱ ወንዙ ዳር ሰው ተሰብስቦ አገኙ። ታንኳዋ ስድስት ጆንያ ስንዴ ጭና ከወዲያ ማዶ ተነሥታ፣ መሃል ሳትደርስ ዝቅ ዝቅ ብላ፣ ስንዴውን ለአዋሽ አስረክባ፣ በሙላቱ ተገፍታ ወዲህ ዳር ጭቃ ላይ ተቀምጣለች። ቀዛፊው ዋኝቶ ወጥቷል። የሞተ የለም። ግን ወሬው ቡዜን ቀድሟት ነበር። ሴት የቋጠረችው መቼ ሊጠብቅ ኖሯል፤ ቋጠሮው ላልቶ ነው፤ ሐጂም ሴት የሠራችው ላይ እህል መጫናቸው ነው ስህተቱ። እንዲህ ይባባላሉ፤ እሷ ስትደርስ ዝም አሉ።

ቡዜ ሾላውን አየች። ገመዱ አሁንም ግንዱ ላይ ነበር። ከዚያ አብተውን አየችው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አንድም ነገር ሳይነግራት ሁሉን ነገር አወቀች።

ሐጂ አብዱናሲር ከአዳማ በቅሎ ጭነው ወዲያው ደረሱ። ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ግን ሁለተኛዋን ታንኳ እንደማይፈልጉ፣ አባትና ልጅም ወደ አገራቸው ቢመለሱ እንደሚሻል ሁሉ እየሰማ ተናገሩ። ደገፋ ከዘራቸውን ይዘው ቆመው ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በሐይቁ ላይ ስማቸው እንደዚያ ተጠርቶ አያውቅም። ቡዜ አባቷን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን እንዲፈስ አልፈቀደችለትም።

«ሐጂ» አለች፤ «ታንኳዋ ትውጣና ቋጠሮዬ ይታይ።»

ከዚህ በላይ አልተናገረችም። ጣቷን ወደ ማንም አልቀሰረችም። ጉተማና ስምንት ሰዎች ጭቃ ውስጥ ገብተው ጎተቱ፤ ታንኳዋ ውሃ ጠጥታ ከብዳ ስለነበር ከጭቃው ለማውጣት ሰዓት ፈጀ። አውጥተው ሲያስቀምጧት ከየነዶው መሃል ውሃ ይንጠባጠባል። ቡዜ ሐጂን በታንኳዋ ጎን ይዛቸው ሄደች። እያንዳንዱን ቋጠሮ በእጃቸው አስነካቻቸው። የላላ አልነበረም። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ አንድም የተፈታ አልነበረም። ሲጨርሱ ሐጂ ጢማቸውን ያዙ።

«ቋጠሮው ደህና ነው። ታዲያ ምን አሰጠማት?»

 ጉተማ እግሩን አየ፤ የቀን ሥራውን የሚሰጠው አብተው ስለሆነ እሱ ፊት መናገር አይችልም።  ቡዜም ከእሷ አፍ እንዲወጣ አልፈለገችም። የፈለገችው ሌላ ነገር ነበር፤ በሕይወቷ ምንም ነገር እንደዚያ ፈልጋ አታውቅም፤ አብተው ራሱ እንዲናገር።

አብተው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሐጂ፣ ታንኳዋን ያሰጠምኳት እኔ ነኝ» አለ።  «ጉተማ ላውጣት ሲለኝ ከለከልኩት። አራት ሌሊት ውሃ ላይ አሰርኳት። እኔ የማውቀው የብረት መርከብ ነው፤ ደንገል ውሃ እንደሚጠጣ አላውቅም ነበር። አለማወቄ አይደለም ጥፋቱ። እነሱን መጠየቅ አፈርኩ። ይህቺ ልጅ መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ነገሩን ጠቁማኝ ነበር፤ ሳቅሁባት።»

በዚያ ዳር ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ። ማታ አዳማ እንደሚሰማው፣ እናቶችም ከነገ ጀምሮ እንደ አብተው ሁኑ ማለት እንደሚተዉ እሱ ያውቅ ነበር። ቡዜ አየችው። እስከዚያ ቀን ድረስ በራሷ ሥራና በአባቷ ሥራ እንጂ በሌላ ሰው ኮርታ አታውቅም። አሁን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በቆመው ሰው ኮራች።

ሐጂ ብዙ አሰቡ። ከዚያ ደገፋን ይቅርታ ጠየቁ፤ ሁለተኛዋም ታንኳ እንድትሠራ አዘዙ። ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው የሒሳብ ደብተሩን እንዲሰጣቸው፣ ታንኳዋ እስክታልቅም ከአባትና ልጅ ጋር ደንገል እያጨደ እንዲውል ነገሩት። አብተው ደብተሩን አውጥቶ ሰጠ።

ሰው ሲበተን ቡዜ አጠገቡ ሄደች። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው።

«ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር።»

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እኔ አልናገርም ነበር።»

«አውቃለሁ። የባሰብኝም እሱ ነው» አለ።

ቡዜ የጥፋቱን ድርሻዋን አልሸሸገችም። ልትነግረው አፏ ላይ መጥቶ እንደነበር፣ ስለሳቀባት እንደተወችው ነገረችው። እሱም አልተቆጣም። ሽማግሌዎቹን ግን መልስ ለመስማት ተመልሰው እንዳይሄዱ እንዳስቀራቸው፣ አባቷ ፊት በምን ዓይኑ ቆሞ ልጅዎን ስጡኝ እንደሚል እንደማያውቅ ነገራት።  

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ወር የሥራ ወር ነው። አብተው ሱሪውን ሰብስቦ ረግረግ ውስጥ ገባ። አልቅት ባቱን በላው፣ ደንገሉ መዳፉን ሰነጠቀው፣ ጀርባውን ፀሐይ ጠበሰው። ቋጠሮ ሲያበላሽ ደገፋ ዝም ብለው ይፈቱታል፤ እንደገና ያስራል፤ እንደገና ይፈቱታል። የማያውቀውን ሁሉ ጠየቀ። መጠየቅ ከጀመረ ወዲህ መቼ እንደሚያቆም አይታወቅም ነበር፤ ደገፋ አንዳንዴ ሰልችቷቸው ተነሥተው ይሄዳሉ። ቡዜ ግን አልሰለቻትም። ሁለተኛዋ ታንኳ ስታልቅ በተረፈው ደንገል ብቻውን፣ ማንም ሳይረዳው አንዲት ትንሽ ታንኳ ሠራ።

በጳጉሜ ውስጥ በአንድ የገበያ ቀን፣ ወዲህም ወዲያም ዳር ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ታንኳዋን ተሸክሞ መጣ። ታንኳዋ ወደ ግራ ዘንበል ብላ፣ አፍንጫዋ ወዲያ ዞሮ ነበር። ተሸካሚዎቹ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ጉተማ ዙሪያዋን ዞሮ አያትና እሱ ነፍሱን እንደሚወድ፣ ማንም ጤነኛ ሰው እንዳይሳፈርባት ተናገረ። አብተው ራሱም ሳቀ። ብቻዬን እፈትናታለሁ ብሎ ውሃው ላይ አስቀመጣት።

ቡዜ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ መጥታ ታንኳዋ ውስጥ ተቀመጠች።

«አሻግረኝ» አለችው።

«ሳልፈትናት አንቺን አልጭንም።»

«ፈታኟ እኔ ነኝ። ተነሥ።»

አብተው ደገፋን አየ። ደገፋ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ያያሉ፤ አልከለከሉም። ቡዜና አብተው ተነሡ። ታንኳዋ ወደ ግራ ትስባለች፤ አብተው ወደ ቀኝ ይመልሳታል። መሃል ሲደርሱ አዋሽ በሙሉ ጉልበቱ ያዛቸው። ቡዜ ሌላ መቅዘፊያ ይዛ ገብታ ነበር፤ ታንኳ ላይ ተቀምጣ ሌላ ሰው ሲቀዝፍ ዝም ብላ አታውቅም። እጇ ሁለቴ ወደ መቅዘፊያው ሄደ። ሁለቴም መለሰችው። ፈርታ ነበር፤ ደስም ብሏት ነበር። አብተው ከንፈሩን ነክሶ፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ ይቀዝፋል።

ከወዲያ ማዶ ስንዴ ይዘው የመጡ የአርሲ ሰዎች ዳር ላይ ተሰልፈው ያያሉ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን በአፋቸው ዙሪያ አድርገው ተጣሩ።

«ያቺ ጠማማ ታንኳ የማን ናት?»

አብተው አንገቱን ሰበር አደረገ፤ አፉን ሊከፍት ሲል ቡዜ ቀደመችው። ሁለቱም ዳር እስኪሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መለሰች።

«የባሌ ናት!»

 አብተው መቅዘፉን ረሳ። ወዲህ ማዶ ደገፋ ከአጠገባቸው የቆሙትን ሐጂ አብዱናሲርን ዞር ብለው አዩና እነዚያን ሦስት ሽማግሌዎች የት እንደሚያገኟቸው ጠየቋቸው።